የነጭ ዓሣ ፍልሰታ

ነሐሴ ሲገባ ግልገል አባይ ከጣና የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ውሃው ሁለት መልክ ይይዛል። ከሰከላ ተነስቶ የሜጫን አፈር እየጠረገ የመጣው ወንዝ ቀይ ነው፤ ሐይቁ አመድማ። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ከጀልባ ላይ ሲያዩት በገመድ የተለካ ይመስላል። አስጋሪዎች መረብ የሚጥሉት እዚያው መስመር ላይ ነው፤ ማታ ይጥላሉ፣ ጎህ ሲቀድ ያነሳሉ።

በሙያዬ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራዬ ንጋት ላይ እዚያ ተገኝቶ የተያዘውን መለካት ነበር። ሚዛን፣ ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት ጣውላ፣ እርሳስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ መዝገብ። ዓሣውን ጣውላው ላይ አጋድሜ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ እለካለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ሆዱን ቀድጄ ጾታውንና የእንቁላሉን ደረጃ አያለሁ። አንድ የነሐሴ ቀን ግን ብዙዎቹን ነጭ ዓሦች መቅደድም አላስፈለገኝም። ገና ከመረቡ ሳላቅቃቸው የሴቶቹ እንቁላል፣ የወንዶቹም ወተት የመሰለ ፈሳሽ እጄ ላይ ይወርድ ነበር። አንዷን አንስቼ ጣውላው ላይ ሳስቀምጣት እንቁላሉ ቁጥሮቹን ሸፈነብኝ፤ ጠርጌ ነው የለካኋት። ሌሊቱን ቢያልፉ ኖሮ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ የሚጥሉት ነበር።

አጠገቤ የደንገል ታንኳቸውን የሚጠግኑ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ቁጭ ብለዋል። ሥራዬን ብዙ ጊዜ ሲያዩ ቆይተዋል መሰለኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ «ርዝመቱን ጻፍሽ፣ ክብደቱን ጻፍሽ። ወዴት ሲሄድ እንደተያዘ የምትጽፊበት ቦታ የለውም ወረቀትሽ?»

የለውም ነበር።

«እንዴት ይታወቃል አባቴ?»

መረቡን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያልተፈታ አንድ ዓሣ አሳዩኝ። ጭንቅላቱ መረቡን አልፎ በወንዙ በኩል ወጥቷል፤ ጅራቱ በሐይቁ በኩል ቀርቷል። «ከባሕር ወደ ወንዝ ነበር መንገዱ» አሉ። ዩኒቨርሲቲ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ይህን አላስተማሩኝም።

ባሕር የሌለው አገር፣ ባሕር የሚሉት ሐይቅ

ተማሪ ሳለሁ የባሕር ሥነ ሕይወት አጠናለሁ ስል ጓደኞቼ ይስቁ ነበር፤ አገራችን ወደብ የላትምና። ጎጃም ውስጥ ግን ጣና ሐይቅ አይባልም፤ ባሕር ነው። ባሕር ዳር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው። የምንጠይቀው ጥያቄ ውቅያኖስ ላይ ከሚጠየቀው አይለይም፤ ዓሣው የት ይበላል፣ የት ይራባል፣ በስንት ዓመቱ ይደርሳል፣ የሚወጣውን ያህል ይተካል ወይ?

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ሰፊ ሰሐን በሉት። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ጢስ እሳት አለ። ከታች ያለ ዓሣ ያን መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ቀሩ። የሐይቁ ደለል ተቆፍሮ ሲጠና ደግሞ ጣና ከ16 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ደርቆ እንደነበር ታይቷል። ዛሬ የምናያቸው የዝርያ ዓይነቶች ሐይቁ ዳግም ከሞላ ወዲህ የተለያዩ ከሆነ፣ ይህ በተፈጥሮ ሒሳብ ትናንት ማለት ነው።

ሳይንቲስቶች ላቤኦባርበስ የሚሏቸው እነዚህ ዓሦች ገበያ ላይ ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ናቸው። ሳይንሱም ለረጅም ጊዜ ከገበያው የተሻለ አልነበረም። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1836 ጥቂቶቹን ለይቶ ሰየመ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ስም አበዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ መልካቸው የሚለያይ አንድ ዝርያ ናቸው ተብለው ተጠቀለሉ። በ1990ዎቹ ከሆላንዱ ዋኅኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናግልኬርኬና ሲቢንግ አፋቸውን፣ አንጀታቸውን፣ የሚበሉትንና የሚኖሩበትን ጥልቀት እየለኩ በሐይቁ ውስጥ 15 ዝርያ ያህል እንዳለ አሳዩ። ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ የሚያስገርም ነው፤ ነጭ ዓሣ ከካርፕ ቤተሰብ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ እውነተኛ ጨጓራም የለውም፤ የሚያላምጠው ጉሮሮው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ዓሣ ለማደን ተብሎ የተሠራ አካል አይደለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ እንዲሁ ከዚሁ ቤተሰብ እዚያው የተለያዩ ዝርያዎች ስብስብ ነበረ፤ ባዕድ ዓሣ ገብቶበትና ከመጠን በላይ ተጠምዶ ጠፋ። የቀረው የጣናው ነው።

ሞተሩ ከመጣ በኋላ

ከ77ቱ ድርቅ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአጥማጆች ከተማ ከሆነችው የሆላንዷ ኡርክ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅት ባገዘው ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። አሳቡ መልካም ነበር፤ የሚራብ ሕዝብ አለ፣ ያልተነካ ዓሣ አለ። እስከዚያ ድረስ ማጥመድ የዳርቻ ሥራ ነበር፤ የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ አያገለግልም፣ ማዕበል ሲነሳ ደፍሮ መሀል የሚገባ የለም። ሞተሩ ይህን ገደብ አነሳው። ባሕር ዳር ያደረ አስጋሪ በጥቂት ሰዓት ራቅ ካለ የወንዝ አፍ ይደርስ ጀመር።

ከዚያ የሆነው በቁጥር ተመዝግቧል። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የነበረውን ሲያነጻጽሩ የነጭ ዓሣው ብዛት በክብደት 75 በመቶ ያህል ወርዶ አገኙት። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን የልጆቹ ነው፤ ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያሉት፣ ገና ለመረብ ያልደረሱት፣ 90 በመቶ ያህል ቀንሰዋል።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው የተረዳሁት እንደማንኛውም ሰው ነው፤ ሐይቁ ላይ ብዙ ጀልባ አለ፣ ብዙ መረብ አለ፣ ዓሣው አለቀ። መፍትሔውም ቀላል መሰለኝ፦ የመረቡን ዐይን ማስፋት፣ ፈቃድ መስጠት፣ ዓሣን በኩሬ ማርባት። ተሳስቼ ነበር፤ ስህተቴን ለማየትም ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ትልልቁ ሳይሆን ልጁ ለምን አለቀ? የመረቡ ዐይን ትልልቁን የሚይዝ ከሆነ ትንሹ ማለፍ ነበረበት። ልጅ የሚጠፋው ወላጁ ሳይወልድ ሲሞት ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከፊሎቹ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባሉ፤ የቀሩት ግን ዝናቡ ሲበረታ ከሐምሌ ጀምሮ ተሰብስበው ወንዝ አፍ ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ በግልገል አባይ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ወደ ትንንሽ ገባሮች ይገባሉ፣ ውሃው የጠራና የሚሮጥ ሆኖ ታቹ ጠጠር የሆነበት ቦታ ላይ ይጥላሉ። ዓመቱን ሙሉ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት ደጃፍ በሚያህል ቦታ ይሰበሰባል። አሥር መረብ ሐይቁ መሀል ቢዘረጋ ምንም አይደለም፤ አሥሩ ያን ደጃፍ ከዘጋ ግን የዓመቱ ልደት ተቋረጠ።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንዲህ አይደለም። ዳር ዳሩን ይራባል፣ እናትየው እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿን አንድ ነገር ሲያስደነግጣቸው መልሳ አፏ ውስጥ ታስገባለች። አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ የቤተሰቡ ሁሉ ዕጣ አይወሰንም።

ሁለቱ ፍልሰታ

ሽማግሌውን ለምን ነሐሴ ላይ ብቻ ወንዙ አፍ ላይ መረብ እንደሚበዛ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«የእናንተ ፍልሰታ ነዋ!»

እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የእኛን ጾም ከእኛ በላይ ያውቁታል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ገበያው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሥጋ ቤት ሲዘጋ ዓሣ ይፈለጋል። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል። ነጭ ዓሣው ከሐይቅ ወደ ወንዝ የሚፈልሰውም በዚያው ወር ነው። ዋጋውና ዓሣው አንድ ላይ ይመጣሉ። አስጋሪው ሌላ ጊዜ ነዳጁን እንኳ የማይሸፍንበት ማዕበል ላይ ይውላል፣ ነሐሴ ላይ ግን የልጆቹን የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ የሚያገኝበት ሳምንት ይመጣለታል። «አቁም» ለማለት መጀመሪያ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ሳላውቅ ነበር ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለ ዐይኑ የሰፋ መረብ የማወራው። ለመውለድ የሚወጣው ዓሣ እኮ ትልቁ ነው፤ ዐይኑ የሰፋ መረብ እርሱኑ መርጦ ይይዛል።

ከወንዙ አፍ ያመለጠውም ገና አልዳነም። ከወንዙ ላይኛው በኩል ገበሬው ይጠብቀዋል፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ገባሩ ውስጥ ይጨምራል፣ ዓሣው እስትንፋሱ አጥሮት ይንሳፈፋል፣ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይለቀማል። በመርዝ ማጥመድ ክልክል ነው፤ አዋጁን ግን ወንዝ ዳር ያነበበለት የለም። ቆጋ ላይ ደግሞ 7,000 ሔክታር የሚያጠጣ ግድብ አለ። መራዊ አካባቢ በበጋ ስንዴና ሽንኩርት ሲያዩ ግድቡን መርገም አይቻልም፤ እኔም አልረግመውም። ነገር ግን ቆጋ የግልገል አባይ ገባር ነው፣ ከግድቡ በላይ ያለው ጠጠር ከሐይቅ ለሚወጣ ዓሣ ተዘግቷል።

የሜጫው ኩሬ

በዚህ መሀል አንድ ፕሮጀክት ገበሬዎችን በኩሬ ዓሣ ማርባት እያስተማረ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እኔም ተመደብኩ። ሪፖርቱ መግቢያ ላይ በየዓመቱ የምትደገም ዐረፍተ ነገር ነበረች፦ «በኩሬ ማርባት በሐይቁ ላይ ያለውን ጫና ይቀንሳል።» ብዙ ጊዜ የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ቆጋ ቦይ አጠገብ የአንድ ባልና ሚስት ኩሬ ነበር። ተቆፍሮ ጥቁር ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ ፕላስቲክ) ተነጥፎበት፣ በካሬ ሜትር ሁለት የቆሮሶ ጫጩት ተደርጎበታል። ምግቡ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው፤ የዶሮ ኩስ ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ ለማድረግ በመጠኑ ይጨመራል። ባልየው እርሻ ስለሚውሉ የኩሬዋ ባለቤት እትዬ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ፉርሽካውን ሲበትኑ ዓሦቹ ኮቴያቸውን ለይተው ይሰበሰቡላቸው ነበር።

ከወራት በኋላ ኩሬውን አጉድለን ስናይ ከታች የወጣው ሌላ ነገር ነው። ትልቅ ዓሣ ይጠብቁ የነበሩት ሴትዮ ወንፊቱን አነሱና አውራ ጣት የሚያካክሉ ፍጥረቶች ሲርመሰመሱበት አዩ። «ዓሣ አረባለሁ ብዬ ትል ነው ያረባሁት!» አሉ። ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከገቡ በየጥቂት ሳምንቱ ይወልዳሉ፣ ልጆቹ ምግቡን ይሻማሉ፣ ማንም አያድግም። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ጫጩቶቹን ያመጣው ሰው ግን ሳይለይ አምጥቷል፣ እኔም ሳላይ ፈርሜ ተቀብያለሁ።

መለየቱ በእጅ ይቻላል፤ ዓሣውን በጀርባው አስተኝቶ ሆዱን ሲያዩት ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት አላት። ጎላ እንዲል ቀለም ይቀባል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንደዚያ ሠራን፤ እትዬ ከእኔ ፈጠኑ። እኔ መነጽሬን ከፍ ዝቅ ሳደርግ እርሳቸው በአውራ ጣታቸው ገፋ እያደረጉ «ወንድ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ኧረ ይቺ ሴት ነች» ይላሉ። ወንዶቹ ተለይተው ተመለሱ፤ አምልጣ የገባች ሴት ብትኖር የምትወልደውን እንዲበላ ጥቂት አምባዛ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ዓሦቹ አደጉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ውሃው ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ መብላት ያቆማሉ ማለት ይቻላል። ቆሮሶ ሞቃት ውሃ ይወዳል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ፉርሽካ መጨመር ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ይህን እትዬ ከእኔ ቀድመው አስተዋሉ፤ የሚንሳፈፈውን ትርፍ አይተው መጠኑን በራሳቸው ቀነሱ። በመጨረሻ ዓሣው መራዊ ተሸጠ፣ ለቤትም ተበላ። እንደ ኩሬ ጉዳዩ ደህና ነው።

ችግሩ ከዐረፍተ ነገሬ ጋር ነው። የትኛው ሐይቅ ላይ ነው ጫና የቀነሰው? ኩሬው ውስጥ ያለው ቆሮሶ ነው፤ ሐይቁ ላይ ያለቀው ነጭ ዓሣ ነው። ኩሬው ያለው ሜጫ ገበሬ ቤት ነው፤ መረቡ ያለው መሬት በሌለው አስጋሪ እጅ ነው። እትዬ ዓሣ ሸጠው ስላተረፉ ግልገል አባይ አፍ ላይ አንድ መረብ አልተነሳም። ነጭ ዓሣውንስ ኩሬ ውስጥ እናርባው ቢባል? እንቁላሉን በእጅ አልቦ ማዳቀል ይቻላል፣ በላቦራቶሪም ተሠርቷል፤ ነገር ግን ለእንቁላሉ የሚሮጥ ውሃና ጠጠር የሚፈልግ ዓሣ በቆመ ኩሬ በራሱ አይራባም፣ ለአካለ መጠን ለመድረስም ዓመታት ይፈጃል። ገበሬ ያን አይጠብቅም፤ መጠበቅም የለበትም። ኩሬው ለኩሬው ባለቤት ጥሩ ነው፤ የሐይቁን ዕዳ ግን አይከፍልም። ያቺን ዐረፍተ ነገር ከሚቀጥለው ሪፖርት አወጣኋት። አለቃዬ መልሰው አስገቧት፤ ገንዘብ ሰጪው ይወዳታል አሉ።

ባዶው ዓምድ

ወደ ወንዙ አፍ ስመለስ መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ «ወዴት»። የዓሣው ጭንቅላት በወንዙ በኩል ከሆነ «ሽቅብ»፣ በሐይቁ በኩል ከሆነ «ቁልቁል»። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ቁም ነገሩ ዓሣው ከመረቡ ሳይፈታ በፊት መታየት ስላለበት ከአስጋሪው ጋር አብሮ መረብ ማንሳት ግድ መሆኑ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በብርድ ታንኳ ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። ምርምር ማዕከል ውስጥ ካሳለፍኩት ይልቅ እዚያ ያገኘሁት ይበልጣል። ዝናብ ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ በደፈረሰ በስንተኛው ቀን ዓሣው እንደሚንቀሳቀስ፣ መጀመሪያ የትኛው መልክ ያለው እንደሚመጣ፣ በጨረቃ ሌሊት መረቡ ለምን ባዶ እንደሚያድር የነገሩኝ እነርሱ ናቸው። ከፊሉን በኋላ በመለካት አረጋግጫለሁ፤ ከፊሉ እስካሁን የእነርሱ ቃል ብቻ ነው።

ያቀረብኩት ሐሳብ ሐይቁን መዝጋት አልነበረም። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ የወንዙ አፍና ግራ ቀኙ ብቻ ከመረብ ነጻ ይሁን፤ ሌላው ሐይቅ ክፍት ይቆይ፤ ያን ጊዜ አስጋሪው ቆሮሶና አምባዛ ላይ ይዙር። ስብሰባው ላይ አንድ ወጣት አስጋሪ ተነሥቶ፣ «እኛ ስንተው ከማዶ የሚመጣው ይወስደዋል» አለ። ልክ ነው። ውሃ ላይ አጥር የለም። የማይታየው አንድ ክር ሞኖፊላመንት መረብ ርካሽ ሆኖ ከገባ ወዲህ ደግሞ ማን የት እንደጣለ ማወቅም ከበደ፤ ተቀዶ ሲጠፋ ታች ቀርቶ ማንም ሳያነሳው ዓሣ ይይዛል። የጀልባ ማኅበሩ ያሉት ተስማሙ፣ ያለ ማኅበር የሚሠሩት አልመጡም። ከዚያ እምቦጩ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የሁሉም ዐይን ወደ እርሱ ዞረ፣ ስለ ዓሣ ለመናገር ወንበር ጠፋ። ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ዩኔስኮ ሲመዘግበው እ.ኤ.አ. በ2015 ደስ ብሎናል፤ የወንዙ አፍ ግን ያው ነበር።

በአንዱ ክረምት ግን ከፊሎቹ አስጋሪዎች በራሳቸው ምክር ሁለት ሳምንት ያህል መረብ ሳይጥሉ ቆዩ። ከእኔ ሐሳብ የተነሣ ነው አልልም፤ ሽማግሌው በየታንኳው እየዞሩ ሲነጋገሩ ነበር።

ኅዳር ላይ ወንዙ ጠርቶ ስንሄድ መዝገቡን እኔ አልያዝኩም፤ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ገብቷል፣ እርሱ ነው የሚጽፈው። ነሐሴ የተጻፈው ገጽ ከላይ እስከ ታች «ሽቅብ፣ ሽቅብ፣ ሽቅብ» ነው። ሽማግሌው መረቡን ሳቡና አንዲት ነጭ ዓሣ አወጡ፤ ጭንቅላቷ በሐይቁ በኩል ነበር። ሆዷ ጎድሎ ተጣብቋል፣ የጅራቷ ጫፍ ጠጠር ላይ እንደተፋተገ ሁሉ ተላልጧል። ጣውላው ላይ ሳላስቀምጣት እጄ ውስጥ አገላበጥኳት። እንቁላል አልወረደም።

ልጁ እርሳሱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየን።

«ቁልቁል በል» አሉት አያቱ፣ ዓሣዋን ከእጄ ተቀብለው ወደ ውሃው ለቀቋት።